መክተፊያዬ ደርቆ መሰንጠቅ ጀመረ፤ ምን ልቀባው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእንጨት መክተፊያዬ ነጣ፤ ጫፉም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አወጣ። የምግብ ዘይት ቀብቼው ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተጣበቀ፣ ሸተተም። እናቴ የሰጠችኝ ስለሆነ ልጥለው አንጀቴ እምቢ አለኝ።

መልስ 1፦
አይዞሽ፣ አትጣዪው! የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው ይበላሻል፤ ሽታው ከዚያ ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና አሽተሽ እጠቢውና አቁመሽ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ለምግብ ዕቃ የሚሆን ሚነራል ኦይል (ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ቀለም የሌለው ዘይት) ቀቢው፤ እሱ ተበላሽቶ አይሸትም። ሁለቱንም ፊት ቀቢ፤ አንዱን ብቻ ከሆነ ሊጣመም ይችላል። ጫፎቹ ብዙ ስለሚጠጡ እዚያ ላይ አትሰስቺ። አሳድሪውና ትርፉን በጨርቅ ጥረጊው። እኔ ማማሰያዎቼንም አብሬ እቀባለሁ። ውሃ ጠብ ስታደርጊበት ድቡልቡል ብሎ ካልቆመና ከሰረገ፣ ደግመሽ ቀቢው።

መልስ 2፦
እኔ 1 እጅ የንብ ሰም ለ4 እጅ ሚነራል ኦይል አቅልጬ እጨምራለሁ። ውሃ ቶሎ አይገባውም። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው ግን በፍጹም!

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። ስንጥቁስ በዘይት ይገጥማል?

መልስ 1፦
ቀጭን ከሆነ እንጨቱ ሲጠግብ ጠበብ ይላል። ምግብ የሚገባበት ከሆነ ግን በእንጨት ሙጫ ይጣበቅ፤ ዘይቱ ከመቀባቱ በፊት።