«አጀንዳ አላቸው» ላላችሁን

ብሎክ 14፦ እሁድ የቱሉ ዲምቱ እድራችን ስብሰባ ላይ የሆነው ነገር አናዶኛል። ሰው ለኤችአይቪ ምርመራ የሚያመጡት ልጆች የእድሩን ድንኳን ለምርመራ ለአንድ ቀን አውሱን አሉ። «በውጭ ገንዘብ የሚሠራ ሁሉ አጀንዳ አለው፣ ግብረ ሰዶም ሊያስፋፉ ነው» ተባለና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ብሎክ 9፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። የልጆች አባት ነኝ። የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 629 አንብቢ።

ብሎክ 14፦ ጋሼ፣ 629 የሚቀጣው የግብረ ሰዶም ድርጊትን ነው። ደም መመርመርን የሚከለክል አንቀጽ ያሳዩኝ።

ነርሷ፦ ባለፈው አንድ ልጅ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዞ ቆየ። ስሙን ስጠራ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ተነስቶ ወጣ። ካርዱ እጄ ላይ ቀረ። ልጆቹ እንዲህ ያለውን ነው ቤቱ ድረስ ሄደው የሚያመጡልን።

ብሎክ 31፦ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የ2001 አዋጅ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ለሴቶች መብት የሚሟገተው ክፍላችን ያኔ ተዘጋ። በ2011 ነው አዋጁ የተሻረው።

ብሎክ 9፦ ይኸው! ተሻረ፣ በሩ ተከፈተ። አጀንዳው በዚያ ነው የገባው።

ብሎክ 22፦ ጥር 2017 አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም ከልጆቹ የአንዷ ደሞዝ ቀረ። እሷ ግን አልቀረችም። ከአቃቂ በእግሯ ስትመጣ የጫማዋ ሶል ተላቆ በክር አስራው አይቻለሁ። ይሄ የምን አጀንዳ ነው?

ብሎክ 9፦ ደግ አይደለችም አላልኩም። አብረዋት ያሉት እነማን ናቸው ነው ጥያቄዬ።

ብሎክ 14፦ «እነማን» ማለት?

ስም የለሽ፦ እኔ አንዱ ነኝ። ዜጋ ነኝ፤ ወንድ የምንወድ ወንዶች እርስ በርሳችን የምንጠራራው እንደዚያ ነው። መዋጮዬን በየወሩ እከፍላለሁ። የማንንም ድርጅት ብር ነክቼ አላውቅም። የእርስዎ እናት ያረፉ ለታ ካስማ ስመታ እጄ ተላጠ። በነጠላዎ ጫፍ ያሰሩልኝ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።

ብሎክ 9፦ እናቴን እዚህ ውስጥ አታስገባ። ማን ነህ? ስምህን ተናገር።

ነርሷ፦ እንዳትናገር ወንድሜ። በእግዚአብሔር።

ብሎክ 22፦ ጋሼ፣ ስሙን ለምን ፈለጉት?

ብሎክ 9፦ እጁን ያሰርኩለትን ልጅ ማወቅ አይገባኝም?

ብሎክ 14፦ እሁድ እንደዚያ ከተናገሩ በኋላ እንዴት ይመንዎት?

የእድሩ ጸሐፊ፦ ወደ ድንኳኑ እንመለስ። በደንቡ ለሐዘንና ለሰርግ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ብሎክ 31፦ ለፖሊዮ ክትባት ሰጥተን የለም ወይ? እሱስ በማን ገንዘብ ነበር? ድሮ ተክለሃይማኖት እያለን፣ በኤድስ ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅብን፣ ወላጅ ላጡት ልጆች ደብተር የገዛው እድሩ ነው። የእርዳታ ብርም ነበረበት። አጀንዳችሁ ምንድን ነው ያለን አልነበረም።

የእድሩ ጸሐፊ፦ የፖሊዮው በኮሚቴ ውሳኔ ነው።

ብሎክ 14፦ እንግዲያው ለዚህም ኮሚቴው ይሰብሰብ። የፖሊዮው ቃለ ጉባኤ ይውጣ።

የእድሩ ጸሐፊ፦ መዝገቡ ቢሮ ነው። ቁልፉ ገንዘብ ያዥ ጋር ነው፤ እሷ ደግሞ ለቅሶ ደብረ ዘይት ሄዳለች።

ብሎክ 9፦ ልጁ ግን መልስ አልሰጠኝም።