ሦስት አለቃ፣ አንድ ጁስ ቤት

ጥያቄ
ሰላም ቤተሰብ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጁስ ቤት ከፍተናል። ችግሩ ሦስታችንም አለቃ ነን። ቅዳሜ ሦስታችንም አቮካዶ ተሸክመን መጣን፤ ስኳር ግን የገዛ የለም! ሰሞኑን በፈረንጆቹ 2004 የጀመረውን "ዘ አፕረንቲስ" የተባለ የአሜሪካ የቴሌቪዥን የንግድ ውድድር እያየሁ ነው። በየውድድሩ ቡድኑ አንድ መሪ አለው፤ ሲሸነፉ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኛስ በየሳምንቱ ብንቀያየር ያዋጣል?

የአዌቱ ልጅ
ያዋጣል ባይ ነኝ። ግን እዚያ ፕሮግራም ላይ የመጀመሪያውን ውድድር፣ የሎሚ ጭማቂ ሽያጩን ልብ በል። የወንዶቹ ቡድን ዓሣ ተራ ሄዶ ቆመ። (ዓሣ እየሸተተው ማን ሎሚ ይጠጣል?) የሴቶቹ ቡድን ሰው የሚበዛበት ሄደ፣ አሸነፈ። አንዱማ አንዷን ብርጭቆ በ1000 ዶላር ካልሸጥኩ ብሎ ሲለፋ ነበር። መሪ ብትሾሙም ቦታና ዋጋ ላይ ተማከሩ።

ባለሱቋ
ወንድሜ፣ እዚያ ፕሮግራም ላይ ከተሸነፈው ቡድን የሚባረር ሰው ስላለ ጥፋት ሌላው ላይ መለጠፍ ያዋጣቸዋል። አንተ ጓደኛህን ልታባርር ነው? እኔና እህቴ መርካቶ ሱቅ ስንይዝ የግዢ ደብተሩን ለአንዳችን ብቻ ሰጠን። እሷ ያልጻፈችው አይገዛም። ጭቅጭቁ በዚያው ቀረ።

ጠያቂው
እናመሰግናለን እህታለም። ደብተሩን ዛሬ ገዛሁ። እስክሪብቶ ረሳሁ እንጂ።