ዘር ማጥፋትን የሚወልደው ጥላቻ ነው ወይስ ሥልጣን?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ፦ ባለፈው ክፍለ ዘመን በተለያዩ አገሮች የተፈጸሙት ዘር ማጥፋቶች መንስኤያቸው አንድ ነው ወይስ እንደየአገሩ ይለያያል? ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ። የሟች ቁጥር እያወዳደሩ መፎካከር የለም።

ታሪክ ወዳድ፦ እኔ ልጀምር። "የቆየ ጥላቻ ገንፍሎ ነው" የሚለው አባባል አይዋጥልኝም። የቆየ ከሆነ ለምን ያን ቀን ገነፈለ? ቡታሬን ተመልከቱ። ቱትሲዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው የሩዋንዳ ክፍላተ ሀገር አንዱ ነበር። በ1994 ኪጋሊ ኤፕሪል 7 በደም ስትታጠብ፣ አብዛኛው ቡታሬ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ረግቶ ቆየ፤ አስተዳዳሪው ዣን ባቲስት ሃብያሊማና አላስነካም ስላለ። እሱን ከሹመቱ አነሡት፣ በኋላም ገደሉት። ኤፕሪል 19 የጊዜያዊው መንግሥት ፕሬዚዳንት ሲንዲኩብዋቦ ራሱ ቡታሬ ድረስ ሄዶ ንግግር አደረገ። ከዚያ በኋላ እልቂቱ አካባቢውን ሁሉ አዳረሰው። የሕዝቡ ልብ በአንድ ሌሊት አልተገለበጠም፤ የተለወጠው ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው።

ተጠራጣሪው፦ የሚመችህን መርጠህ ነው ያመጣኸው። እዚያው ቡታሬ ውስጥ ኒያኪዙ የምትባል ኮሙን (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) አለች። ሲያሂንዳ ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉት ሰዎች መገደል የጀመሩት ከንግግሩ ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ ማን አዘዘ?

ታሪክ ወዳድ፦ የኮሙኗ አስተዳዳሪ ነዋ! እሱም ባለሥልጣን ነው እኮ።

ሕግ ተማሪ፦ ታባ የምትባለውንም ኮሙን ጨምሩበት። ከንቲባዋ ዣን ፖል አካየሱ መጀመሪያ ላይ ግድያውን ሲከላከል ነበር። ኤፕሪል 18 ከጊዜያዊው መንግሥት ሰዎች ጋር ከተሰበሰበ ወዲህ ግን ተገለበጠ። በ1998 የሩዋንዳው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ያለው የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። የተገለበጠው ሰውዬው እንጂ ጎረቤቶቹ ስለ ቱትሲ ያላቸው ስሜት አይደለም።

ገበሬው ልጅ፦ ሁላችሁም ሆድን ረስታችኋል። የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት በ1989 ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ፤ ሩዋንዳ ደግሞ በቡና የምትኖር፣ መሬት የጠበባት አገር ነበረች። ጀርመንም ብትሆን ሂትለር ከመምጣቱ በፊት በ1932 ወደ 6 ሚሊዮን ሥራ አጥ ነበራት።

ተጠራጣሪው፦ ወንድሜ፣ በዚያው ጊዜ አሜሪካም ሥራ አጥ ሞልቷት ነበር። ደግሞስ በጀርመን የጅምላ ፍጅቱ የጀመረው በ1941 አይደል? ያኔ ፋብሪካው ሠራተኛ አጥቶ ከሌላ አገር በግድ ያመጣ ነበር። ድህነት ሂትለርን ወንበር ላይ አወጣው በል፣ እስማማለሁ። ከዚያ በላይ አትውሰደው።

ታሪክ ወዳድ፦ እዚህ ላይ ከተጠራጣሪው ጋር ነኝ (ዛሬ ብቻ!)። የማየው የጋራ ነገር ጦርነት ነው። የኦቶማን ቱርክ መንግሥት በ1915 መጀመሪያ ሳሪካሚሽ ላይ ከሩሲያ ጋር ሲዋጋ ሠራዊቱ ካለቀ በኋላ አርመኖችን "የጠላት የውስጥ ተባባሪ" ብሎ ወደ ሶርያው ዴር ኤዝዞር በረሃ ነዳቸው። ሩዋንዳ ከ1990 ጀምሮ ጦርነት ላይ ነበረች። ጀርመን ሶቭየትን የወረረችው በጁን 1941 ነው። ጦርነት ጎረቤትን "ሰላይ" ለማለት ሰበብ ይሰጣል።

ሕግ ተማሪ፦ ካምቦዲያ ግን አትገባልህም። ዋና ከተማዋ ፕኖም ፔን በኤፕሪል 1975 በክመር ሩዥ ታጣቂዎች ስትያዝ የእርስ በርሱ ጦርነት ማለቁ ነበር፤ ከሞቱት አብዛኞቹም ራሳቸው ክመሮች፣ ማለትም የአገሪቱ ብዙኃን ሕዝብ ናቸው። የ1948ቱ የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት የሚጠብቀው በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት የተለዩትን ብቻ ስለሆነ፣ በ2018 የዘር ማጥፋት ፍርድ የተሰጠው በቬትናሞችና በቻም ሙስሊሞች ላይ ለተፈጸመው ነው። መንስኤ ከማነጻጸራችን በፊት ምኑን እያነጻጸርን እንደሆነ እንስማማ።

ተጠራጣሪው፦ እሺ፣ ጦርነትም ይሁን ሥልጣን። ቡልጋሪያስ? የጀርመን አጋር ነበረች፣ ፀረ አይሁድ ሕግም አውጥታ ነበር። በማርች 1943 አይሁዶቹን ወደ ጀርመኖች የሚያግዘው ባቡር ሊንቀሳቀስ ሲል የፓርላማው ምክትል አፈ ጉባኤ ዲሚታር ፔሼቭ ከሌሎች እንደራሴዎች ጋር ተቃውሞ ፈረመ፣ ጳጳሳቱም ጮኹ፣ እና 48 ሺህ የሚሆኑ አይሁዶች ተረፉ። አለቃው ሌላ ሰው አልሆነም፣ ጦርነቱም አልቆመም። ታዲያ ሥልጣን ብቻ ነው የምትለው የት ገባ?

ታሪክ ወዳድ፦ ይሄ ይከብደኛል፣ አልዋሽም። ያው መንግሥት ግን ከያዛቸው ከትሬስና ከመቄዶንያ ከ11 ሺህ በላይ አይሁዶችን ለጀርመኖች አስረክቧል። በዚያው ወር።

ሕግ ተማሪ፦ ለእነዚያ ዜግነት አልተሰጣቸውም ነበር። በ1942 በወጣው ድንጋጌ በተያዙት ግዛቶች ያሉት ሌሎች ነዋሪዎች ቡልጋሪያዊ ሲባሉ፣ አይሁዶቹ ተለይተው ቀሩ። ፔሼቭም የተሟገተው ለአገሪቱ ዜጎች ነበር።