ዲስኩ መሃል ላይ «ሪድ ኦንሊ» ይሆንብኛል፣ ኤስኤስዲውም ሞላ፤ አዲስ ዲስክ ልግዛ?

ዳታ_ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዴስክቶፔ ላይ ያለው ኡቡንቱ 22.04 ነው። ሲስተሙ 120 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ ተጭኗል፤ ሥራዬና ፎቶዎቼ ደግሞ 1 ቴራ በሆነ የሚሽከረከር የሳታ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው፣ /ዳታ በሚል ፎልደር ይከፈታል። ትልልቅ ፋይል ስገለብጥ ማሽኑ ለ30 ሰከንድ ያህል ቀጥ ይላል። አንዳንዴ ከዚያ በኋላ /ዳታ ላይ ምንም መጻፍ አልችልም፣ «ሪድ ኦንሊ» ይለኛል። ዲኤምኢኤስጂ (የከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ መልእክቶች ማሳያ) ላይ «አይሲአርሲ ኤቢአርቲ» የሚል መስመር ተደርድሯል፤ የሳታ ፍጥነቱ ወደ 3.0 ጊጋቢት ዝቅ መደረጉንም ይናገራል።

ሌላው፣ ኤስኤስዲው ሞላ። 38 ጊጋ የደረሰ ሲስሎግ (የሲስተሙ መዝገብ ፋይል) አግኝቼ በአርኤም አጠፋሁት፣ የተያዘውን ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍ ግን ያው 100% ነው የሚለው። ማሽኑን ገና ሪስታርት አላደረግኩም።

ፈጣን_መልስ፦
ዲስኩ አልቋል ወንድሜ። ኤፍኤስሲኬ (የፋይል ሲስተም መጠገኛውን) አስኪድበት፣ ካልሆነ ቀይረው።

ሽቦና_ብሎን፦
ኧረ አትቸኩሉ። «አይሲአርሲ» ማለት እኮ ዳታው በመንገድ ላይ ተበላሽቶ ደረሰ ማለት ነው፤ መንገዱ ደግሞ ኬብሉ ነው። የዲስኩ ገጽ ራሱ ቢጎዳ ኖሮ እዚያው ቦታ ላይ «ዩኤንሲ» የሚል ታይ ነበር። ከርነሉ ፍጥነቱን ዝቅ ያደረገውም መስመሩ አልታመን ስላለው ነው።

ለማረጋገጥ ስማርትሞንቱልስን (የዲስክ ጤና መመርመሪያ ነው) ጫንና ይህን ስጥ፤ ኤስዲቢ ያልኩት የ1 ቴራው ዲስክ ነው፦

ሱዶ ስማርትሲቲኤል -ኤ /ዴቭ/ኤስዲቢ

ከሚመጣው ሠንጠረዥ 5፣ 197፣ 198 እና 199 ቁጥር ያላቸውን አራት መስመሮች፣ በስተቀኝ መጨረሻ ካለው አሃዝ ጋር ላክልን። ከላይ «ፓስድ» ማለቱን አትመነው፤ ሊሞት የተቃረበ ዲስክም «ፓስድ» ይላል።

እስከዚያ ድረስ ኤፍኤስሲኬ አታስኪድ። በተበላሸ መስመር ላይ የሚሮጥ ኤፍኤስሲኬ አሳስቶ ያነበበውን «ላስተካክል» ብሎ ደህናውንም ያጠፋዋል።

ዳታ_ፈላጊ፦
5 ዜሮ፣ 197 ዜሮ፣ 198 ዜሮ፣ 199 ግን 1874።

ሽቦና_ብሎን፦
እንግዲያው ዲስክ አትግዛ፣ ኬብል ግዛ። 5 ቀድሞ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ናቸው፤ 197 ዲስኩ ማንበብ አቅቶት በይደር ያቆያቸው፤ 198 ሊታረሙ ያልቻሉ፤ 199 በኬብሉ ላይ የደረሰ ስህተት ብዛት ነው። 197 ከዜሮ በላይ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር፦ ምንም ሳትነካካ ወዲያው በዲዲሬስኪው (ከተጎዳ ዲስክ ዳታ የሚያድን ፕሮግራም) ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ (የኡቡንቱ ፓኬጁ ስም ጂዲዲሬስኪው ነው)። የት እንደደረሰ የሚመዘግብበት የማፕ ፋይል ስጠው፣ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል።

አሁን የምታደርገው፦ ማሽኑን አጥፋ፣ ከሶኬት ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ተጫን፤ በውስጡ የቀረው ኃይል ይፈስሳል። የዳታ ኬብሉን (ቀጭኑን፣ ባለ 7 መስመሩን) ከሁለቱም ጫፍ ንቀልና የብረት መቆለፊያ ባለው አዲስ ኬብል ቀይረው። ቀጭ ሲል መስማት አለብህ። ከ1 ሜትር አይበልጥ፣ በጠባቡ አትጠፈው፣ ከፓወር ሽቦዎች ጋርም አትሰረው። ማዘርቦርዱ ላይ ሌላ ክፍት የሳታ ቀዳዳ ካለ እሱን ተጠቀም። የፓወር ገመዱንም ተመልከት፤ ከሞሌክስ ወደ ሳታ በሚቀይር፣ ራሱ ላይ ፕላስቲክ ቀልጦ በተሞላ ርካሽ ገመድ የገባ ከሆነ አውጣው። እነሱ ውስጥ ለውስጥ ተነካክተው የሚቀልጡ ናቸው።

199 ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ቆጣሪው ዕድሜ ልኩን ነው የሚደምረው። ካሁን በኋላ የምትጠብቀው 1874 ላይ ቆሞ እንዲቀር ብቻ ነው።

ተርሚናል_ሰው፦
እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የስማርትሲቲኤል «ሎንግ» ፈተና የሚካሄደው ዲስኩ ውስጥ ነው፣ ዳታው በኬብሉ አያልፍም። ስለዚህ ኬብሉን አይፈትንም። ኬብሉን መፈተን ከፈለግህ ዲስኩን በሙሉ በኬብሉ አስነብበው፦

ሱዶ ዲዲ አይኤፍ=/ዴቭ/ኤስዲቢ ኦኤፍ=/ዴቭ/ነል ቢኤስ=1ኤም ስታተስ=ፕሮግሬስ

1 ቴራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አይኤፍና ኦኤፍን እንዳታቀያይራቸው፣ ኦኤፍ የሚጻፍበት ነው! ካለቀ በኋላ 199ን እየው። ካልጨመረ /ዳታን በዩማውንት አውርደውና ኢቱኤፍኤስሲኬ -ኤፍ /ዴቭ/ኤስዲቢ1 ስጥ፤ አሁን ጊዜው ነው።

የኤስኤስዲውን በተመለከተ፣ ነገሩ ወዲህ ነው። ሲስሎግን ያሳበጠው ያው የኬብሉ ስህተት ነው፤ በየሰከንዱ ሲጻፍ ነው የከረመው። ያጠፋኸው ደግሞ የፋይሉን ስም እንጂ ፋይሉን አይደለም። ሎጉን የሚጽፈው አርሲስሎግ እንደከፈተው ስለሆነ ቦታው አይለቀቅም። ይህን ስጥ፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት አርሲስሎግ

ለወደፊቱ የሚሠራበትን ሎግ በአርኤም አታጥፋ፤ ትረንኬት -ኤስ 0 ብለህ ባዶ አድርገው። የጆርናሉን (የሌላኛውን የሲስተም መዝገብ) ድርሻ ደግሞ ጆርናልሲቲኤል --ቫኪዩም-ሳይዝ=200ኤም ያሳንሰዋል።

ዳታ_ፈላጊ፦
አመሰግናለሁ። ኬብሉ ተቀየረ፣ ዲዲ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ 199 እዚያው 1874 ላይ ነው። ፋይል ሲስተሙም ተስተካከለ። 38ቱ ጊጋም ተመለሰ። ግን ፋይሎችን እያየ የሚደምረው ዲዩ ኤስኤስዲው ላይ 31 ጊጋ ብቻ ሲያገኝ ዲኤፍ 58 ጊጋ ተይዟል ይላል። 27ቱ ጊጋ የት ገባ?

ተርሚናል_ሰው፦
ወደ /ዳታ በአርሲንክ በየሌሊቱ የሚገለበጥ ባክአፕ አለህ?

ዳታ_ፈላጊ፦
አዎ፣ በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሳው)። ከኤስኤስዲው የሆም ፎልደሬን ወደ /ዳታ/ባክአፕ ይገለብጣል።

ተርሚናል_ሰው፦
ተገኘ። አንድ ቀን ማሽኑ ሲነሳ ዲስኩ በኬብሉ ምክንያት አልታየም፣ /ዳታም ባዶ ፎልደር ሆኖ ኤስኤስዲው ላይ ቀረ። አርሲንክ ምን ያውቃል፣ እዚያው ገለበጠ። በማግሥቱ ዲስኩ ሲከፈት ከላዩ ተደረበበት፤ ዲዩ የተደረበውን እንጂ ከሥሩ ያለውን አያይም። እንዲህ ግለጠው፦

ሱዶ ማውንት --ባይንድ / /ኤምኤንቲ
ሱዶ ዲዩ -ኤስኤች /ኤምኤንቲ/ዳታ

27 ጊጋ ካለህ የምታጠፋው /ኤምኤንቲ/ዳታ ውስጥ ያለውን ባክአፕ ነው፤ /ዳታ ውስጥ ያለውን አይደለም። ከመሰረዝህ በፊት በኤልኤስ ሁለቱንም እያቸው፣ ፎቶዎችህ የሚታዩበት ትክክለኛው ዲስክ ነው። ስትጨርስ /ኤምኤንቲን በዩማውንት አውርድ።

ዳታ_ፈላጊ፦
ልክ 27 ጊጋ ነው፣ አጠፋሁት። እንዳይደገም ምን ላድርግ?

ሽቦና_ብሎን፦
የክሮኑን መስመር «ማውንትፖይንት -ኪው /ዳታ &&» በሚል አስጀምረው፣ ዲስኩ ካልተከፈተ አርሲንክ አይነሳም። ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈቱ ዲስኮች ዝርዝር) ላይ ደግሞ በ/ዴቭ/ኤስዲቢ1 ፋንታ ብልክአይዲ የሚለው ትዕዛዝ የሚሰጥህን ዩዩአይዲ (የማይለዋወጥ መለያ ቁጥር) ጻፍ፤ ቀዳዳ ከቀየርክ ኤስዲቢ የነበረው ነገ ኤስዲኤ ሊሆን ይችላል። ከአማራጮቹ ጎን «ኖፌል» ከሌለ ጨምር፣ ዲስኩ ባይገኝ ማሽኑ ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ እንዳይቆምብህ። አሮጌውን ኬብል ደግሞ ወደ መሳቢያ አትመልሰው፣ ቁረጠው።