ቀይ ቀበሮን መረጥኩ፤ ግን ለምን?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ያዘጋጀሁት የጥናት ሐሳብ ስለ ቀይ ቀበሮ ነበር። ባለፈው ወር ግን በባሌ ተራሮች ከፍታ በሚገኘው የሳነቲ አምባ ላይ ከአንድ ጉድጓድ አጠገብ በደረቴ ተኝቼ ስጠባበቅ፣ ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ ዙሪያውን ከቃኘ በኋላ ሣሩን በጥርሱ እየነጨ ወደ ውስጥ ሲጎትት አየሁት። ይህ እንስሳ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ የሳነቲ ቀበሮዎች ዋነኛ ምግብም እርሱ ነው። ቀበሮውን የመረጥኩት ጉዳዩ አንገብጋቢ ስለሆነ ነው ወይስ ዓይኔ ስለወደደው? አንድ ተመራማሪ ይህን በራሱ ላይ እንዴት ይለያል?

መልስ 1
ምርጫዎ የሚያስወቅስ አይደለም። ለአቅመ መራባት የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ሆኖም ቀበሮው ቀን ቀን ያድናል፣ መልኩ ያምራል፣ ከጎባ ወደ ዶሎ መና በሚወስደው መንገድ ላይ ከመኪና ሳይወርዱ ሊያዩት ይችላሉ። እዚያው ባሌ ውስጥ ባለው የሐረና ጫካ ጅረቶች ዳር የምትኖረውና እ.ኤ.አ. በ1991 ለሳይንስ የተገለጸችው ትንሽ እንቁራሪት ግን በጭቃና በጨለማ ካልፈለጓት አትገኝም። እርሷን ችላ እንበል ብሎ የወሰነ ሰው የለም፤ እያንዳንዱ የሚመቸውን ሲመርጥ እርሷ ቀረች።

መልስ 2
ነገሩን ሁሉ በተመራማሪው ዓይን ማሳበብ ትክክል አይመስለኝም። ስለ እንቁራሪት ያቀረብኩት የጥናት ሐሳብ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል፤ ገንዘብ ሰጪው ከሚያውቀው እንስሳ ውጭ ለመስማት ትዕግሥት የለውም። በቀበሮው ስም የሚገኘው ድጋፍ ፍልፈሉ የሚኖርበትንም ሜዳ እንደሚጠብቅ አይዘነጋ።

መልስ 3
በገንዘብ ብቻ የማይገለጽም አለ። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ተመራማሪዎች በአካባቢያቸው ሲዘምር በብዛት የሚሰሙት ወንዱን ወፍ ስለነበር፣ የወፍ ዝማሬ የወንድ ጠባይ ነው የሚል እምነት ለረጅም ዘመን ጸንቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን መረጃ ከተገኘላቸው ዘማሪ ዝርያዎች በ71 በመቶዎቹ እንስቷም እንደምትዘምር አሳየ። ማንም አልከለከላቸውም፤ እንስቷን ለማድመጥ አላሰቡም እንጂ። ስለዚህ የእንስሳውን ስም ከመጻፍዎ በፊት ጥያቄዎን ይጻፉ፤ ከዚያ የትኛው እንስሳ እንደሚመልሰው ይመርምሩ።

ጠያቂው
እጅግ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እንደ ምክርዎ አደረግሁ፤ የወጣልኝም ጥያቄ ከብት በብዛት በሚግጥበትና በማይግጥበት የሳነቲ ክፍል የፍልፈል ጉድጓዶች ብዛት ይለያያል ወይ የሚል ነው። የቀበሮው ስም በርእሱ ውስጥ የለም።