ልጄ አንድ ሴሚስተር አየርላንድ ልማር አለችኝ፤ ልልቀቃት?

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከቨርጂኒያ ነው። ልጄ እዚሁ ስቴት ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ናት፣ ባዮሎጂ ነው የምታጠናው። ባለፈው እሑድ ቡና እያፈላሁ "እማዬ፣ በጃንዋሪ አየርላንድ ልሄድ ነው" አለችኝ። ልሂድ ወይ አይደለም፣ ልሄድ ነው! ጎልዌይ የሚባል ከተማ፣ እስከ ሜይ ድረስ።

እኔ ለሽርሽር መስሎኝ ነበር። የለም፣ ስተዲ አብሮድ ነው፣ ክሬዲቱ ይቆጠርልኛል ትላለች። እኔ ግን ሊዋጥልኝ አልቻለም። እኛ ልጆቻችን ይማሩ ብለን ስንቱን ጥለን አሜሪካ መጣን። ሰው ደግሞ ከአሜሪካ ወጥቶ ለትምህርት አየርላንድ ይሄዳል? ዘመድ የላት፣ የምታውቀው ሰው የላት። አባቷ ቀን ኤርፖርት ማታ ኡበር እየሠራ ነው የምናስተምራት።

ክሬዲቱ እውነት ይቆጠራል? የፋይናንሺያል ኤዷ እዚያ ይሠራል? መጠጥ በጣም ይበዛል ሲባል እሰማለሁ፣ እውነት ነው? ልጄ ጿሚ ናት፣ ሁዳዴ እዚያው ነው የሚገባባት። ደግሞ የእህቴ ልጅ "እኔም አብሬያት ልሂድ" ብላለች። የኔዋ ሲቲዝን ናት፣ የእህቴ ልጅ ግን ገና ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጎልዌይ የነበርኩት (ሲያትል)፦

እትዬ፣ የዛሬ ጥቂት ዓመት እዚያው ጎልዌይ ስፕሪንግ ሴሚስተር ተምሬያለሁ። የኔ እናት ጭራሽ ለንስሐ አባታችን ደውላ "ምከሩልኝ" ብላ ነበር። እሳቸው "አየርላንድ ክርስቲያን አገር አይደለም እንዴ?" ብለው አሳፈሯት።

ትምህርቱ ትምህርት ነው፣ አይጠራጠሩ። ዩኒቨርሲቲው በ1845 የተመሠረተ ነው። እስከ 2022 ኤንዩአይ ጎልዌይ ይባል ነበር፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎልዌይ ነው። ወረቀት ላይ የድሮ ስሙን ካዩ አይደናገጡ። ክሬዲቱ በአውሮፓ መለኪያ ነው የሚሰጠው፤ ሙሉ ሴሚስተር 30 ነው። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጅ ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ 15 ሆኖ ይገባላታል። ዋናው ነገር ግን እዚያ የምትወስደው እያንዳንዱ ኮርስ እዚህ የትኛውን እንደሚተካ አድቫይዘሯ ከመሄዷ በፊት በጽሑፍ ያጽድቅላት። በተለይ የባዮሎጂ ላብ ያለበትን። የአፍ "ኖ ፕሮብሌም" ዋጋ የለውም።

ማርኩ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። 40 ማለፊያ ነው። 70 ያገኘ አንደኛ ማዕረግ ነው፣ ሰው ያጨበጭብለታል። አብራኝ የነበረች የኦሃዮ ልጅ የመጀመሪያ ጽሑፏ 64 ሆኖ ተመለሰላት። ኮሪደር ላይ ወረቀቱን ይዛ ታለቅሳለች። አጠገቧ የቆመው የአገሩ ልጅ ደግሞ "እንዴት ሠራሽው?" ብሎ ይቀናባታል። እሱ 52 ነው ያገኘው፣ ደስ ብሎታል። ስለዚህ ልጅዎ በማርች ደውላ "64 አገኘሁ" ብትል አይቆጧት። ማርኩ እዚህ ጂፒኤ ውስጥ ይግባ አይግባ ግን ኮሌጁን ይጠይቁ። አንዳንዱ ክሬዲቱን ብቻ ወስዶ ማርኩን አይነካውም፣ አንዳንዱ ወደ ፊደል ቀይሮ ያስገባዋል።

እኔ የማስፈራራዎት በአንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ የሚከተላት የለም። እዚህ በየሳምንቱ ኩዊዝ፣ ሆምወርክ፣ ማስታወሻ ኢሜይል አለ። እዚያ አንድ ሁለት ጽሑፍ ታስገቢያለሽ፣ ከዚያ ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ ላይ ፈተና፤ ብዙ ኮርስ ላይ ትልቁን ማርክ የሚይዘው እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። አሜሪካኖቹ በየሳምንቱ መጨረሻ በርካሽ አውሮፕላን ባርሴሎና፣ ሮም ሲሉ ከርመው ኤፕሪል ላይ ፊታቸው አመድ ይለብሳል። ልጅዎ ራሷን የምትቀሰቅስ ዓይነት ከሆነች ምንም አትሆንም። ጠዋት እርስዎ ነዎት የሚቀሰቅሷት? መልሱ እዚያ ላይ ነው።

ብርዱ ከቨርጂኒያ አይብስም፣ በረዶም ብዙ የለም። ዝናቡ ግን ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው፣ ነፋሱ ከአትላንቲክ ነው የሚነሣው። ጃንጥላ አይግዙላት፣ ወዲያው ነው የሚገለበጥባት። ኮፍያ ያለው ደህና የዝናብ ጃኬት ይግዙላት። ጃንዋሪ ላይ በአበሻ ሰዓት ጠዋት ሦስት ሊሆን ሲል ነው የሚነጋው፤ ይሄ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያስጨንቃል። ሶልትሂል የሚባል የባሕር ዳር መንገድ አለ። ሰዉ እስከ ጫፉ በእግሩ ይሄድና ግንቡን በጫማው ረገጥ አድርጎ ይመለሳል። ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ሁሉም። ለምን ብዬ ብጠይቅ ሁሉም የተለያየ ነገር ነገረኝ። እኔም እረግጥ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይንገሯት። ትልልቆቹ ሰዎች ኢትዮጵያ ሲባሉ መጀመሪያ የ77ቱ ድርቅ ነው ትዝ የሚላቸው። ያኔ ለእኛ እርዳታ ዘፋኞችን አሰባስቦ ገንዘብ ያስዋጣው ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ የእነሱ ሰው ነው። ትሮከራ የሚባል የእርዳታ ድርጅት በጾማቸው ወቅት የሚያድለው የካርቶን ሳጥን አለ፤ "ሳንቲም እንጨምርላችሁ ነበር" ይሏችኋል። ደም ያፈላል። ግን የሚሉት በንቀት አይደለም። እነሱም በ1845 ድንቹ ታሞባቸው አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ አልቆባቸዋል፣ ሌላው ሚሊዮን ደግሞ በመርከብ ተሰዷል። ቀጥሎ የሚያነሡት ሩጫ ነው። ሲድኒ 2000 ላይ በ5000 ሜትር የእነሱዋ ሶንያ ኦሱሊቫን ብር ስትወስድ ነሐሱ የኛዋ ጌጤ ዋሚ ነበር። አንድ ባለታክሲ ያንን ውድድር ዙር በዙር ተረከልኝ። ሂሳቡን ግን አልቀነሰልኝም።

ደብሊን ነዋሪ፦

እህቴ፣ ወረቀቱን እኔ ልንገርሽ። የሲቲዝኗ ጉዳይ ቀላል ነው። ቪዛ አያስፈልጋትም። ኤርፖርት ላይ የቅበላ ደብዳቤ፣ የጤና ኢንሹራንስና ገንዘብ እንዳላት የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቋታል፤ በእጅ ቦርሳዋ ትያዘው፣ በሻንጣ አትላከው። ከ90 ቀን በላይ ስለምትቆይ ገብታ ኢሚግሬሽን መመዝገብ አለባት፣ ክፍያው 300 ዩሮ ነው። ይሄንን ብዙ ሰው በጀት ውስጥ አያስገባውም። ለአንድ ሴሚስተር የሚመጡ ልጆች የሚሰጣቸው ስታምፕ ቱ ኤ የሚባል የመቆያ ፈቃድ ነው፤ ሥራ አያሠራም። "እዚያ ካፌ እየሠራሁ ራሴን እችላለሁ" ካለችሽ አትመኝ።

የእህትሽ ልጅ ግን ሌላ ነው። ግሪን ካርድ እዚህ ቪዛ አይሆንም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ቪዛ ማመልከት አለባት፣ ጊዜ ይወስዳል፣ አሁኑኑ ትጀምር። አየርላንድ ደግሞ ሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ውስጥ የለችም። ጓደኞቿ ፓሪስ እንሂድ ሲሏት ሌላ ቪዛ ነው። ቤልፋስት እንኳ በአውቶቡስ ብትሄድ እንግሊዝ ግዛት ነው፣ የራሱ ቪዛ አለው። መንገድ ላይ ድንበር የሚመስል ነገር ስለሌለ ልጆች ሳያውቁት ያልፉታል።

ቤት ነው ትልቁ ራስ ምታት። ለአንድ ሴሚስተር ብቻ የሚያከራይ ጥቂት ነው። ዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ከሰጣት አይኗን ሳታሽ ትቀበል። ቤቱን ሳታይ ቀብድ በባንክ ላኪ የሚላትን ሰው ወዲያው ብሎክ ታድርገው። ቤተክርስቲያን ደብሊን አለ። ከጎልዌይ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ቅዳሜ ማታ መጥታ ማደር ነው የሚሻላት። ጾሙ አያስቸግራትም፣ የአጃ ወተት በየሱፐርማርኬቱ ሞልቷል። ፋሲካው ግን ከፈተና ጋር ሊጋጭባት ይችላል።

የአትላንታው፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የሀብታም ልጆች መዝናኛ ነው። መጠጥ ቤት ሄደው ፎቶ ተነሥተው ይመጣሉ። በዚያ ገንዘብ ሰመር ላይ ሁለት ክላስ ወስዳ ቶሎ ትመረቅ።

ጎልዌይ የነበርኩት (ሲያትል)፦

ጋሼ፣ መጠጥ ቤቱስ እውነት ነው፤ እዚያ ከ18 ዓመት ጀምሮ ይፈቀዳል፣ በየመንገዱም አለ። ግን ግማሹ ሰው ሻይ ይዞ ቫዮሊን ሊሰማ ነው የሚቀመጠው። አልጠጣም ስል ጨቅጭቆኝ የሚያውቅ የለም።

ገንዘቡ በየትኛው በር እንደምትገባ ይወሰናል። ኮሌጇ ከጎልዌይ ጋር የልውውጥ ስምምነት ካለው እዚሁ የምትከፍለውን ነው የምትከፍለው፤ ኢን ስቴት ከሆነች በጣም ያዋጣል። በመሃል አገናኝ ድርጅት ካለ ግን ክፍያው ይጨምራል። ለምን የሚለውን ዘርዝረው እንዲነግሩዎት ያድርጉ፤ አንዳንዱ የኤርፖርት አቀባበልና ሁለት የጉብኝት ቀን ነው። ኮሌጇ ፕሮግራሙን ካጸደቀው የፌዴራል ኤዱ አብሯት ይሄዳል። ፔል ግራንት የሚባለውን ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ልጅ የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ የምታገኝ ከሆነ ደግሞ ጊልማን የሚባል ስኮላርሺፕ አለ፣ እስከ 5000 ዶላር ይሰጣል፣ ለሲቲዝን ብቻ ነው። ማመልከቻው ከጉዞው ወራት ቀድሞ ነው የሚዘጋው፣ ዛሬውኑ ትይ።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦

እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ። ትናንት ማታ ከአባቷ ጋር ሆነን አናገርናት። የልውውጥ ስምምነት አለው አለች፣ ሰኞ ከቢሮው ወረቀቱን ታመጣልኛለች። የእህቴ ልጅ ሲቲዝንሺፗን ጨርሳ በሚቀጥለው ዓመት ትሂድ ተባብለናል። ጠዋት ማን ነው የሚቀሰቅሳት ላልከው፣ አባቷ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ግን እንዳይቀሰቅሳት ነግሬዋለሁ። እናያለን።

ሻንጣዋን በሐሳቤ ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቋንጣ፣ ትንሽ ንጥር ቅቤ ብልክ ያሳልፏታል?

ደብሊን ነዋሪ፦

በርበሬና ሽሮ ምንም አይሏትም፣ በደንብ አሽጊው። ቋንጣና ቅቤ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው፣ ቢያገኙባት ይወስዱታል። ቅቤ ለመላክማ አትጨነቂ፤ የዚህ አገር ቅቤ አንደኛ ነው። ኮረሪማ፣ ኮሰረትና አብሽ ላኪላት፣ እዚሁ ታነጥረዋለች። የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህባት ግን መስኮት ትክፈት።

ጎልዌይ የነበርኩት (ሲያትል)፦

ማደሪያው ሕንጻ በሙሉ ነው ደጅ የሚወጣው። እኔ በሽንኩርት ቁሌት አስወጥቻቸዋለሁ፣ በዚያው ተዋወቅን።