ልጄን ኪፕ እምቢ አላት፤ ምን ላድርግ?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቻቸውን ጂምናስቲክ የሚያመላልሱ ወላጆች እዚህ እንዳሉ ስላየሁ ነው የምጽፈው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፍሎር (መሬት ምንጣፍ ላይ የሚሠራው) ላይ ጎበዝ ናት፤ ቢም (ጠባቧ አግዳሚ) ላይም አትፈራም። ባር ላይ ግን ኪፕ፣ ማለትም ከተንጠለጠሉበት ተወዛውዞ ባሩ ላይ መውጣቱ፣ እምቢ አላት። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ያው ነው። ዘላ ትይዛለች፣ ወደ ፊት ትንሸራተታለች፣ ስትመለስ ክንዷ ይታጠፍና ተንጠልጥላ ትቀራለች።

የሚገርመኝ ጉልበት አላጣችም። በፑል አፕ ታላቅ ወንድሟን ትበልጣለች። አብረዋት የጀመሩት ግን አውጥተውታል፤ አንደኛዋማ አንድ ፑል አፕ እንኳን አትችልም! አሰልጣኟን ስጠይቃት "ይመጣል፣ ጊዜ ስጧት" ትለኛለች። በአሜሪካ የጂምናስቲክ ውድድር ደረጃዎች ሌቭል 4 ለመወዳደር ደግሞ ኪፕ የግድ ነው። ካልሆነ ሌቭል 3 ትደግማለች ተብሏል። ይህን ከሰማች ወዲህ ከልምምድ ስንመለስ መኪና ውስጥ ታለቅሳለች።

ባለቤቴ "ቤት ውስጥ ባር እንግዛላትና ማታ ማታ ትለማመድ" ይላል። እኔ የግል ትምህርት ልጨምርላት እያልኩ ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። በዚያ ላይ የፓሪሱን ኦሎምፒክ ካየች ጀምሮ በባር ወርቅ የወሰደችውን አልጄሪያዊቷን ካይሊያ ኔሞርን ካልሆንኩ ብላለች። እባካችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የነታንያው አባት፦

አይዞሽ እህቴ፣ በእኛም ደርሷል። የእኔ ወንድ ነው። የእኛው የእስራኤሉ አርቴም ዶልጎፒያት በቶኪዮ ኦሎምፒክ በፍሎር ወርቅ ሲወስድ አይቶ ነው የጀመረው። ከፍሎር ሌላ ነገር መስማት አይፈልግም ነበር። ወንዶች ስድስት መሣሪያ እንዳላቸው ያወቀው ከገባበት በኋላ ነው፤ ከፍተኛው ባር ላይ ሲደርስ ይኸው ኪፕ ጠበቀው። አንድ ቀን ሳናስበው ወጣለት። እኛ በር ላይ የሚገጠመውን ባር ገዝተንለት ነበር፤ እሱ የጠቀመው ይመስለኛል። ባለቤትሽን ስሚው።

የድሮ ሰርከሰኛ፦

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። "ክንዷ ይታጠፋል" ብለሻል። ችግሩ እሱ ነው።

ማን እንደሆንኩ በአጭሩ ልንገርሽ። አዲስ አበባ በሰርከስ ነው ያደግሁት። ስስ ፍራሽ ላይ ስንገለባበጥ ነው የኖርነው። አሁን ሚኒሶታ ሕፃናት አሰለጥናለሁ። በኪፕ በጣም የሚቸገሩት ማን መሰሉሽ? ክንደ ብርቱዎቹ። ፑል አፕ የሚችል ልጅ ሲጨንቀው ይስባል። የማይችለው መሳብ ስለማያምረው ጊዜውን ጠብቆ ለመሥራት ይገደዳል። ያቺ አንድ ፑል አፕ የማትችለው ልጅ የቀደመቻት ለዚህ ነው።

አሠራሩን ላስረዳሽ። ዘላ ስትይዝ ሰውነቷ መሬቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ጫፍ ላይ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለባት፤ ከጣት እስከ ጣት። ብዙዎቹ ይህቺን ይሰርቃሉ፤ ሳይዘረጉ እግር ያነሳሉ። ከዚያ ወዲያው፣ ሰውነቷ ወደ ኋላ መመለስ ሲጀምር፣ ቁርጭምጭሚቷ ባሩ ጋ ይደርሳል። አሁን ባሩን በቅልጥሟ፣ በጉልበቷ፣ በጭኗ ላይ እያስኬደች ወደ ዳሌዋ ታመጣዋለች፤ ቁጭ ብላ ሱሪ እንደምትለብስ። በዚህ ሁሉ ክንዷ ቀጥ እንዳለ ነው። ባሩን ወደ ታች ትጫነዋለች እንጂ ወደ ደረቷ አትስበውም። መጨረሻ ላይ የእጅ አንጓዋ ከባሩ በላይ ይዞራል፣ ትከሻዋ ወደ ፊት ያልፋል፣ አለቀ።

እግሯ ከዘገየ ወደ ኋላ የሚመለሰው ኃይል ያመልጣታል። ያመለጣትን በክንዷ ልታካክስ ትሞክራለች። ሲያቅታት ተንጠልጥላ ትቀራለች። የጻፍሽው በትክክል ይህንን ነው። አገጯን ወደ ላይ የምትወረውር ከሆነም ያው ነው፤ ጭንቅላት ወደ ኋላ ሲሄድ ሆድ ይከፈታል፣ እግርም ይወርዳል።

ስለዚህ አሰልጣኟን አስፈቅደሽ ከጎን በኩል በስልክሽ ቅረጺያት። አዝግመሽ እይው። አንድ ነገር ብቻ ተመልከቺ፦ ዳሌዋ ወደ ኋላ መመለስ ሲጀምር እግሯ የት ነው? ባሩ ጋ ከሆነ ጥሩ ነው። ገና መሬት አካባቢ ከሆነ ሌላ መርማሪ አያስፈልግሽም።

ቤት ውስጥ ምን ትሥራ ካልሽኝ፣ የመወልወያ እንጨት ይበቃታል። ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተኝታ እንጨቱን በሁለት እጇ ከላይዋ ትይዛለች። እግሯን ሳታጥፍ አንስታ ቁርጭምጭሚቷን እንጨቱ ላይ ታደርሳለች። ከዚያ እግሯን እያወረደች እንጨቱን እስከ ጭኗ ታስኬደዋለች፤ ክንድ ቀጥ፣ አገጭ ደረት አካባቢ። ጥቂት ጊዜ ደጋግማ ታቁም። የሆድ ጉልበት ነው የሚጎድላት፤ ክንዷን ተዪው፣ በቂ ነው።

ወንድሜ የነታንያው፣ አትቀየመኝ፣ በበር ባሩ ግን አልስማማም። ያ ነገር የተሠራው ቀጥ ብሎ ለመንጠልጠል ነው። ልጅ ተወዛውዛበት ከቦታው ቢነቀል በጀርባዋ ነው የምትወርደው። እግር ላይ የሚቆመውም ቢሆን በቂ ቦታና ደህና ፍራሽ ይፈልጋል። ደግሞ ማታ ደክሟት፣ የሚያርማት ሰው በሌለበት የምትደጋግመው ያንኑ የተሳሳተውን ነው። ክንድ ማጠፉን አጥንታው ትቀራለች፤ ለማስረሳት እንደ እኔ ያለው አሰልጣኝ ነው የሚሰቃየው። የእጅ አንጓ ነገርም አለ። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ገና ለስላሳ ነው። አንጓዬን አመመኝ ካለችሽ ቶሎ ለአሰልጣኟ ንገሪ፣ ካልተዋትም ሐኪም ጋ ውሰጃት። "ትጠንክር" የሚል ካለ አትስሚው።

የግል ትምህርት መጥፎ አይደለም። ግን አስቀድመሽ አሰልጣኟን እንዲህ በያት፦ "የጎደላት የቱ ነው? መንሸራተቱ፣ የእግሩ ሰዓት ወይስ አጫጫኑ?" ለይታ ከነገረችሽ ክፈዪ። "ይመጣል" ብቻ ካለችሽ ገንዘብሽን ያዢ።

ስለ ኔሞር ካነሳሽ ልጨምር፤ እኔም የእሷ እብድ አድናቂ ነኝ። ኦገስት 4 ቀን 2024 ፓሪስ ላይ 15.700 አምጥታ ቻይናዊቷን ቺዩ ቺዩአንን በሁለት አሥረኛ ስትበልጥ ሳሎኔ ውስጥ ብቻዬን ነው የጮህኩት። ለአፍሪካ በጂምናስቲክ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ እኮ ነው! በ2025ም ጃካርታ ላይ በዚያው ባር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ልጅሽ ግን የሚታያት ባሩን ለቃ በአየር ላይ ስትበርና መልሳ ስትይዝ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ንገሪያት። ፈረንሳይ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከልምምድ ርቃ ነበር። ስለ መመለሷ ከፈረንሳይ ፌዴሬሽን ጋር አልተግባቡም፤ በአባቷ በኩል ዘሯ ወደሆነው አልጄሪያ ዞረች። ሌቭል 3 መድገም ከዚህ አንጻር ምን አላት?

እህተ ሚካኤል፣ ቨርጂንያ፦

ሰርከሰኛው የጻፈው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘለለ። ያ ሁሉ ስቃይ ለምን? የእኔ ትንሿ በዚሁ ኪፕ ምክንያት ልታቆም ነበር፣ ኤክስሴል ወደሚባለው ቀለል ያለ የውድድር መንገድ አዛወርናት። እዚያ ሲልቨር በሚባለው ደረጃ ላይ ኪፕ የሚያስገድዳት የለም። የምትችለውን ይዛ ትወዳደራለች፤ እየሳቀች ትመለሳለች። የሌቭሉ መንገድ እኮ እስከ 5 ድረስ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠራው። ሁሉም ልጅ ለዚያ አልተፈጠረም። ከዘጠኝ ዓመት ልጅ እንባ ምን እናተርፋለን?

የድሮ ሰርከሰኛ፦

እህተ ሚካኤል፣ ለእንባው ከሆነ ከአንቺ ጋር ነኝ። ይቺ ግን ባር የምትወድ ልጅ ናት። ባር የምትወድን ልጅ ከኪፕ ማሸሽ ምን ያደርጋል? በዓለም አቀፉ መመዘኛ የኪፕ የክብደት ደረጃ ዝቅተኛው፣ ማለትም "ኤ" ነው። ግን ታላላቆቹም ብዙዎቹ ባር ላይ የሚወጡት በእሱ ነው። ዛሬ ብትሸሸው ነገ ይጠብቃታል። ልጅቷን ራሷን ጠይቋት።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀረጽኳት። ወንድሜ፣ እንዳልከው ነው! ዳሌዋ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያበቃ ነው እግሯ ገና የሚነሳው። ለአሰልጣኟ ሳሳያት "አዎ፣ ሰዓቱ ነው" አለችኝ። እስከዛሬ ለምን እንዳልነገረችኝ አልገባኝም፤ ይሁን። ስለ ኤክስሴልም ልጄን ጠየቅኳት። "እሱ የማን ነው?" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። አሁን ሳሎኑ በመወልወያ እንጨት ተይዟል። ባለቤቴም ባሩን ትቶታል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ መዳፏ ተልጧል። ግሪፕ (መዳፍ ላይ የሚታሰረውን መከላከያ) ልግዛላት? ጓደኞቿ አላቸው።

የድሮ ሰርከሰኛ፦

አሁን አትግዢ። ኪፕን ባዶ እጇን ትልመደው፤ ባሩ መዳፏ ላይ እንዴት እንደሚዞር ማወቅ አለባት። ግሪፑን ሲያስፈልጋት አሰልጣኟ መርጣ ትነግርሻለች። የተላጠውን በሳሙና አጥበሽ፣ የተንጠለጠለውን ቆዳ ብቻ በንጹሕ መቀስ ቁረጪ። ማታ ቫዝሊን ቀብተሽ ካልሲ እጇ ላይ አጥልቂላት። የጠነከረውን ቆዳ ደግሞ ከገላ በኋላ በድንጋይ ፈግፍጊው፤ ሲያብጥ ነው የሚቀደደው። እስኪድን ባር ይቅርባት፣ እንጨቱን ትቀጥል።